ጫልቱ የምትባለዋ ነብር

ፎቶ ላይ እኔን መፈለግ አድካሚ ሥራ ነው። የምርቃት ፎቶአችን እንጭኒ፣ እናቴ ቤት ሳሎን ውስጥ ተሰቅሏል። እንግዳ በመጣ ቁጥር እናቴ፣ "እስቲ ሲፈንን አግኟት" ትላለች። እስከ ዛሬ ያገኘኝ የለም። ከኋላው ረድፍ፣ ከአንዲት ረዥም ልጅ ትከሻ በስተጀርባ፣ የቆብ ጫፍ ትታያለች። እኔ ያቺ የቆብ ጫፍ ነኝ። አባቴ አንድ ቀን መነጽሩን አድርጎ ብዙ ከፈለገኝ በኋላ፣ "ቆቧን ለማስመረቅ ነው እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን ያስተማርነው?" ብሏል።

ምን ላድርግ? ካሜራ ሲያየኝ ፊቴ የራሴ መሆኑን እረሳለሁ። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬ ላይ ያለችው ሴት ልታስነጥስ ስትል የተያዘች ነው የምትመስለው። ፎቶ አንሺው "ፈገግ በይ" አለኝ፤ ፈገግ አልኩ። ትንሽ አየኝና "ቅድም ይሻል ነበር" አለኝ። ከዚህ በኋላ ሰው በየት በኩል ፈገግ ይበል?

ሥራዬም እንደ ጠባዬ ነው። አምቦ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው። ተማሪዎች የመለሷቸውን መጻሕፍት እየሰበሰብኩ ወደየመደርደሪያቸው እመልሳለሁ። መጽሐፍ ይመቸኛል። እናንተ ታዩታላችሁ እንጂ እሱ አያያችሁም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ከዓለም ወንድ ሁሉ መርጣ ፎቶ አንሺ ትወዳለች? ወደደች። ጉድ በሉ።

ለሊሳ የባዮሎጂ መምህር ነው። ስለ አጥቢ እንስሳት የተጻፈ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዋሳል፣ ይመልሳል፣ ደግሞ እሱኑ ይዋሳል። አንድ ቀን ጨነቀኝና "አልገባህም እንዴ?" አልኩት። ይህ ለእኔ ረዥም ንግግር ነው። እሱም መሬት መሬት እያየ፣ "መጽሐፉስ ገብቶኛል፤ አንቺ ነሽ ያልገባሽኝ" አለኝ። ጆሮዬ እስኪቀላ አፈርኩ። አብራኝ የምትሠራው ሰላማዊት ከመደርደሪያው ኋላ ሆና ሰምታ ኖሮ ለሳምንት ያህል "ገባሽው ወይስ ገና ነሽ?" ስትለኝ ከረመች።

ፎቶ አንሺ ነው ስላችሁ ደግሞ አንገቱ ላይ ካሜራ አንጠልጥሎ "ወደዚህ ዙሩ" የሚለውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ። የእሱ ካሜራ ሰው አይፈልግም። ጎጆ ከተማ አለፍ ብሎ ጫካ አለ፤ እዚያ ዛፍ ላይ በቀበቶ የሚታሰር፣ የዳቦ ቅርጫት የማያህል አረንጓዴ ሳጥን ነው። ባትሪ ይጎርሳል፣ ሚሞሪ ይጎርሳል፣ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሙቀት ያለው ነገር ፊቱ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይነቃና ቀጭ ያደርጋል። እንስሳው ሰው የለም ብሎ ዘና ብሎ ያልፋል። ባለቤቱ ከሳምንታት በኋላ መጥቶ ማን እንዳለፈ ያያል።

ይህን ሲያስረዳኝ ልቤ ቅቤ ሆነ። እስከዚያን ቀን የማውቃቸው ፎቶ አንሺዎች አንስተው የሚሄዱ ናቸው። ይሄኛው ግን መጀመሪያ ሄዶ፣ ከዚያ ነው የሚያነሳው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው የት ይገኛል?

መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይል ነበር። ከጎጆ ሲመለስ ቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ተቀምጠን ፎቶዎቹን በስልኩ እናያለን። አብዛኛው ሣር ነው። ፀሐይ ያሞቀውን ሣር ንፋስ ሲያወዛውዘው ሳጥኑ እንስሳ ይመስለዋል። ቀጥሎ ላም። ቀጥሎ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች። አንድ ሽማግሌ ደግሞ አሉ፣ ገበያ በዋለ ቁጥር ከሳጥኑ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ። ለሊሳ ግራ ገብቶት አንድ ቀን አግኝቶ ጠየቃቸው። "እያየኝ ሰላም ሳልለው ልለፍ እንዴ?" አሉት። "እሱ ባይመልስ የራሱ አስተዳደግ ነው።" ሳጥኑን አካም ጅርታ እያሉት ነበር ለካ የሚያልፉት። በእኒህ ሽማግሌ አልቀናሁም። በላሚቱም አልቀናሁም። ይመዝገብልኝ።

ከዚያ እሷ መጣች።

አንድ ጠዋት ለሊሳ እየሮጠ መጣ። እሱ የሚሮጥ ሰው አይደለም። ስልኩን ፊቴ ደቀነው። ነብር ናት። ማለዳ ነው፣ ከአንድ ትልቅ ጽድ ሥር ባለች ቀጭን መንገድ ወደ ካሜራው ትመጣለች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ ዓይኗን ቀና አድርጋ፣ ልክ አይታ እንዳላየች። እውነቱን ልናገር፣ ታምራለች። መጀመሪያ ላይ እኔም ተደነቅኩ። ችግሩ እሱ መደነቁን አላቆመም።

ስም አወጣላት። ጫልቱ። በኦሮምኛ የምትበልጠዋ፣ የምትሻለዋ እንደ ማለት ነው። ከማን ነው የምትበልጠው? አልጠየቅኩም። ሆዴ ግን ጠየቀ።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ እሷ ሆነች። "ጫልቱ ዛሬም መጥታለች።" "ጫልቱን ዓይኗን እዪልኝ።" "አረማመዷን አየሽው? ቅጠል አትሰብርም እኮ።" እናንተ ፍረዱኝ። እኔ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምሠራው፤ ስራመድ የወለል ጣውላ ሰምቶኝ አያውቅም። ስለ እኔ አረማመድ ማን ምን ብሎ ያውቃል? ዓይኔንስ ቢሆን? አንዴ ብቻ ትኩር ብሎ አየኝና፣ በረዥሙ ተንፍሶ፣ "ሲፈን፣ ዓይንሽ ቀልቷል፣ መነጽር ሳያስፈልግሽ አይቀርም" አለኝ።

የስልኩ ገጽ ላይም አደረጋት። ደወልኩለት እንበል፤ ስሜ ጽሑፍ ሆኖ የሚመጣው በእሷ ግንባር ላይ ነው።

ሰላማዊትን አማከርኳት። አዲስ ሰው አገኘ እንዴ አለችኝ። ኧረ ነብር ናት አልኳት። "ሴት ናት?" አለችኝ። አዎ፣ እሱ እንደሚለው ሴት ናት። ሰላማዊት የያዘችውን መጽሐፍ አስቀመጠችና፣ "ሲፉዬ፣ እኔ እኮ የማውቀው ሰው በሰው ሲቀና ነው፤ አሁን ምን ብዬ ነው የማጽናናሽ? ጸጉሯን ንጪው እንዳልልሽ!" አለችኝ።

በነብር መቅናት ከባድ ነው የምላችሁ ለዚህ ነው። ለማንም አይነገርም። በሰው ስትቀኑ ቢያንስ "እሷ ደግሞ፣ አፍንጫዋን አላየሽም?" የሚል ወዳጅ ይገኛል። ነብር ላይ ምን እንከን ታወጣላችሁ? ነጠብጣቧ በዛ ትላላችሁ?

ይህ ሁሉ ባልከፋ። ዋናው ነገር የጋብቻው ሽምግልና ነው።

ለሊሳ ሽማግሌ እልካለሁ ካለ ቆይቷል። እንጭኒ፣ አባቴ ዘንድ። አባቴ እህል ነጋዴ ነው፤ ጤፍ ሲሸጥም ሆነ ልጅ ሲድር አካሄዱ አንድ ነው። ሁለተኛ ገዢ መንገድ ላይ ነው ከተባለ ለመጀመሪያው ዋጋ አይናገርም። የታላቅ እህቴን ሽማግሌዎች ዘመድ እንማከር፣ ደግሞ አጎቷ ከሙገር ይምጣ፣ ደግሞ ያመማት አክስት ትዳን እያለ ደጋግሞ መልሷቸዋል። በመጨረሻው ጊዜ በዝናብ ነበር የመጡት፤ አባዬ ዛሬም ያንን ዝናብ ሲያስታውስ ፊቱ ይበራል። የሴት ልጅ ክብር በሽማግሌው የጨቀየ ጫማ ልክ ነው ይላል። የእኔን ደግሞ ከዚያ አብልጦ ሊያመላልስ ተዘጋጅቶ ነበር።

የሚመላለስ ቢመጣ ነው እንግዲህ። ለሊሳ ቀን ይቆርጣል፤ ቀኑ ሲደርስ የጫልቱ ባትሪ ያልቃል። ሌላ ቀን ይቆርጣል፤ የጫልቱ ሚሞሪ ይሞላል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ጫልቱ ሰሞኑን አልታየችም ብሎ ምግብ አልበላም አለ። እናቴ ስልክ ትደውላለች። "ልጄ፣ ድግሱን ጀምረን አቆምነው፣ ሰዉ ይጠይቀናል፣ ልጁ ታሟል ወይ?" ትለኛለች። ሥራ በዝቶበት ነው እላለሁ። ነብር ይዞብኝ ነው ይባላል?

ለሊሳን የወለዱት እናቱ እንኳ ከእኔ ጋር ናቸው። አዴ ጥሩነሽ ይባላሉ፤ ጉደር ነው የሚኖሩት፣ ከአምቦ በባጃጅ የሚደረስ ቦታ። "ልጄ፣ እኔንም እኮ ረስቶኛል" አሉኝ በስልክ። "ጎጆ ድረስ የሚሄድ እግር ጉደር መድረስ ያቅተዋል? ያቺ ነብር ምን አቀመሰችው?"

በመጨረሻ አባዬ ራሱ መልእክት ላከ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ካልመጡ፣ ከነጭራሹ አይምጡ። ነጋዴ ነውና ጨረታው የሚዘጋበትን ቀን ተናገረ።

ይህን ለለሊሳ ነገርኩት። ደነገጠ። "እሺ፣ እሺ፣ በዚህ ሳምንት ጎጆ ሄጄ አንድ ካሜራ ጨምሬ ልምጣና፣ ከዚያ በቀጥታ" አለኝ። ጭራሽ አንድ ካሜራ ጨምሮ! ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ነብር በግራና በቀኝ ጎኗ ያለው ነጠብጣብ ይለያያል፤ ሁለት ካሜራ ፊት ለፊት ከተደረገ ሁለቱም ጎኗ ይታያል አለኝ። የእኔን አንዱን ጎን እንኳ አይቶ ያልጨረሰ ሰው!

ያኔ ነው ከአፌ ያመለጠኝ። "እኔም እሄዳለሁ።"

ልያት አልኩ። ምን እንዳላት በዓይኔ ልይ።

ወደ ጎጆ የሚወስደው መንገድ አንጀት ያላቅቃል። ብርዱ ደግሞ በመስኮት ገብቶ አጠገባችሁ ይቀመጣል። ማታ ለሊሳ ከአንድ መምህር ጓደኛው ቤት አደረ፤ እኔ የእናቴ እህት አክስቴ ዲንቄ ቤት አረፍኩ። አክስቴ ድንች ቀቅላ አበላችኝ፣ ጉዳዩን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ከልቧ አዘነችልኝ። "እኛ እዚህ ቄራንሳ በጋችንን በላብን ብለን እናለቅሳለን" አለች፤ ቄራንሳ ማለቷ ነብር ነው፤ "እሱ ናፈቀችኝ ብሎ ከአምቦ ይመጣል?" ከዚያ ሻሼን ገፈፈችና ጸጉሬን አየች። "ይህን ጸጉር እንዲህ ያደረቀው ማነው? መጽሐፍ ነው?" አለች። መልሴን አልጠበቀችም። በአደስ ያሸችውን ለጋ ቅቤ እፍኝ ሙሉ አናቴ ላይ ጣል አደረገችው። ለዓይነ አፋር ሴት ከዚህ የከፋ የለም። በማግስቱ ከምወደው ሰው ጋር ጫካ ልሄድ፣ እኔ ቅቤ ቅቤ ልሸት! አክስቴ ግን፣ "ዝም በይ፣ ወንድ ይህን ሽታ ካልወደደ ምኑን ወንድ ሆነ?" አለችኝ።

በማግስቱ ከለሊሳ አጠገብ አጠገብ ስሄድ ጠበቅኩ። አሁን ይላል፣ አሁን ይላል። ምንም አላለም። አልሸተተውም። ይባስ ብሎ መሬት ላይ ተንበርክኮ አንድ ደረቅ ኩስ አሸተተና፣ "የሰሞኑ ነው!" ብሎ ፊቱ በራ።

ጽዱ ሥር ደረስን። አዲሱን ካሜራ ከመንገዷ ማዶ ካለ ዛፍ ላይ አሰረው፤ ከአሮጌው ጋር ፊት ለፊት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። አሁን ከፍታው ልክ መሆኑን ለማየት አንድ ሰው እንደ እንስሳው ሆኖ ፊቱ ማለፍ አለበት አለኝ። ብቻውን ሲመጣ ራሱ በእጅና በጉልበቱ እየሄደ ነው የሚሞክረው። ዛሬ ግን ሳጥኑ ሲነቃ የምትበራውን ትንሽ ቀይ መብራት የሚያይ ሰው ስላስፈለገ፣ እሱ መብራቷን ያያል።

"እና እኔ?"

"አንቺ በእጅና በጉልበትሽ ትሄጃለሽ። እንደ ጫልቱ።"

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ካሜራ ፊት መቆም የማትችል ሴት ናት። ካሜራ ፊት በአራት እግር እንድትሄድ ተጠየቀች። ያውም ጣውንቷን መስላ። ግን ለካ ቅናት ዕፍረትን ያስረሳል። ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ መሬት ላይ ወረድኩ።

"ዝቅ በይ" አለኝ ከዛፉ ኋላ። "ጫልቱ ትከሻዋ ዝቅ ይላል።"

ዝቅ አልኩ።

"ቀስ ብለሽ እንጂ ሲፈን! ጫልቱ ቅጠል አትሰብርም።"

ቀስ አልኩ። ጉልበቴን እሾህ ወጋኝ።

"አንገትሽን ለቀቅ አድርጊ። ጫልቱ እንዲህ አትቆጣም።"

"ጫልቱ ቀሚስ አልለበሰችም!" ብዬ ጮህኩ።

ከጽዱ ላይ ጉሬዛዎች ብድግ ብለው አዩኝ። እኔ በሕይወቴ ጮኼ አላውቅም ነበር። ሻሼ ተንሸራቶ አንገቴ ላይ ወርዷል፣ ፀሐይ ወጥታ ቅቤው ቀልጦ በጆሮ ግንዴ ይወርዳል። ተናድጄ ግንባሬን የጽዱ ሥር ላይ ደፋሁት። ቅቤውን በሥሩም፣ በሣሩም፣ በቅጠሉም ጠረግኩት። ሳጥኑ ቀይ መብራቷን ብልጭ ብልጭ እያደረገ ሁሉንም ያነሳል። ለሊሳ፣ "በጣም ጥሩ፣ ከፍታው ልክ ነው" አለ።

አምቦ ተመለስን። በመንገድ ላይ አልተነጋገርንም። እሱ የተነጋገርን መስሎታል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጾሙ እየተቃረበ ሳለ፣ ለሊሳ የአዲሱን ካሜራ ነገር ለማየት አላስችል ብሎት እንደገና ጎጆ ደርሶ መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተማሪው ሞልቶ፣ እሱ ፊቱ ገርጥቶ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመ። ስልኩን ሰጠኝ።

መጀመሪያ እኔ አለሁ፤ ስለ እኔ ይቅር። ቀጥሎ አንዲት ቆቅ። ከዚያ ጫልቱ መጣች። ይሁንና እንደ ሁልጊዜው አላለፈችም። ጽዱ ሥር ስትደርስ ቆመች። እኔ ግንባሬን የደፋሁበትን አሸተተች። ጉንጯን አሸችበት። ከዚያ ያቺ ኩሩ፣ ያቺ አይታ እንዳላየች የምትሄደው፣ ተጋደመች። ሆዷን ወደ ሰማይ አድርጋ፣ እግሮቿን አንፈራጥጣ፣ የእኔ ቅቤ ላይ ተንከባለለች። ፎቶው አያልቅም። ቁጭ ትላለች፣ ትልሳለች፣ ደግሞ ትንከባለላለች። በመጨረሻ ተነሳችና ለአዲሱ ካሜራ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጭራዋን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ አንስታ፣ ዛፉ ላይ...

ይህን በጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደምለው አላውቅም። አሮጌው ካሜራ ሁልጊዜ ከፊት ነበር የሚያያት። አዲሱ ከኋላ አየ። ከኋላ ሲታይ ደግሞ ጫልቱ፣ ጫልቱ አይደለችም። ጫላ ነው። የማያጠራጥር፣ ሁለት ጊዜ መታየት የማያስፈልገው ወንድ ነው።

ሳቄ አመለጠኝ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። ሁሌም ዝም የማሰኛቸው ተማሪዎች ዞረው "እሽሽ!" አሉኝ። ሰላማዊት መጥታ በትከሻዬ ላይ አየችና መደርደሪያ ተደግፋ ቀረች። ያን ሁሉ ጊዜ፣ ያን ሁሉ እንቅልፍ ያጣሁት፣ በአንድ ጎረምሳ ነው ለካ!

ለሊሳ አልሳቀም። "ምን ተቀብተሽ ነበር?" አለኝ።

"ቅቤ።"

"የምን ቅቤ?"

አያችሁ? ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ስሄድ የምን ቅቤ! በዕድሜዬ የጸጉሬን ቅቤ ያስተዋለ ወንድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጎጆ ነው የሚኖረው።

"እኔ ስንት ጊዜ ተመላልሼ" አለ ለሊሳ፣ "አንድ ቀን ቆም ብሎልኝ አያውቅም። አንቺ አንድ ጠዋት መጥተሽ..." ቃሉን ሳይጨርስ ፎቶውን መልሶ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። እንደገና ፎቶውን። ቀንቷል። በእኔ ይሁን በነብሩ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔም አላጣራሁም። እንዴት ደስ እንደሚል ግን ልነግራችሁ አልችልም። በቅናት ስትቃጠሉ ከርማችሁ እሳቱ ወደ ሰው ቤት ሲዛወር ማየት!

"ፎቶዎቹን ሁሉ ላክልኝ" አልኩት። አንዱን የስልኬ ገጽ ላይ አደረግኩት። ነብሩ ሆዱን ሰጥቶ ተንጋልሎ። ለሊሳ ሲደውል ስሙ የሚመጣው አሁን በጫላ ሆድ ላይ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንጭኒ ነበሩ።

የባትሪ ነገር አልተነሳም፣ የሚሞሪ ነገር አልተነሳም። ሽማግሌዎቹን የመሩት ኦቦ ደበላ ናቸው፣ አምቦ የለሊሳ አከራይ። ሲቀልዱ ፊታቸው አይንቀሳቀስም፤ የሚያውቃቸው ሰው ብቻ ነው የሚስቀው። አባዬ አያውቃቸውም።

እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ሆኜ በበሩ ስንጥቅ እሰማለሁ። ምርቃቱ አለቀ፣ የዘር ቆጠራው አለቀ። አባዬ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ "ይህን ያህል ስትጠፉ ከርማችሁ ዛሬ ምን እንዲህ አስሮጣችሁ?" አለ።

ኦቦ ደበላ በእርጋታ፣ "እውነቱን መደበቅ ደግ አይደለም። ልጃችን ተፎካካሪ ተነሳበት" አሉ።

ስንጥቁ ላይ ይበልጥ ተለጠፍኩ። ኦቦ ደበላ፣ በሞቴ ይተዉ!

የአባዬ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ወደ ፊት ጠጋ ማለቱ ነው። "ተፎካካሪ? የማን ልጅ ነው?"

"የዘሩን ነገር አላጣራንም። የጎጆ ነው።"

"ሥራውስ?"

"የመንግሥት ሥራ የለውም። ግን ሥጋ አጥቶ አድሮ አያውቅም።"

"መሬት አለው?"

"ከገደሉ እስከ ወንዙ ያለው የእሱ ነው። ደፍሮ የሚገባበት የለም።"

"ልጅቷን አይቷታል?"

"እሷን እንኳ አላያትም። የረገጠችውን መሬት ግን ስሞ፣ ተንከባሎበታል።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቁን ሳል ለማስመሰል አፉን በጋቢው ያዘ። አባዬ ግን ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛ ገዢ መንገድ ላይ ነው ተብሏል። በረዥሙ አሰበና፣ "እንግዲያው" አለ፣ "የዚያን ሰው ሽማግሌ ሳንሰማ ለእናንተ መልስ መስጠት ነውር ነው። እሱም ይምጣ። ከጾም በኋላ እንተያይ።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከጾም በኋላ! እስከዚያ ለሊሳ ሌላ ነብር ቢያገኝስ? ከጎጆም አልፎ ሌላ ጫካ ቢገባስ? ዳር ላይ ደርሼ በአንድ ቀልድ ልቀር ነው።

እንዴት እንደወጣሁ አልነግራችሁም፤ እኔም አላውቀውም። የምትጠየቅ ልጅ በዚያ ሰዓት ከጓዳ አትወጣም። ወጣሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ መሬት አደረጉ። ስልኬን ለአባዬ ሰጠሁት። "አባዬ፣ ተፎካካሪው ይሄ ነው" አልኩ።

አባዬ መነጽሩን አደረገ። ነብሩን አየ። ተንጋልሎ፣ እግሩን ለሰማይ ሰጥቶ። ብዙ አየው። ቀና ብሎ ኦቦ ደበላን አያቸው። ፊታቸው አልተንቀሳቀሰም። "ቁመናው መልካም ነው" አለ አባዬ፣ ጢሙ ሥር ሳቅ እየመጣ። ተገላገልኩ ብዬ እጄን ለስልኩ ዘረጋሁ።

የአባዬ ጣት ግን ዕድሜ ልኩን ከጆንያ ጋር የኖረ ወፍራም ጣት ነው። መነጽሩን ሲያስተካክል ስልኩን ነካው። ፎቶው ተገለበጠ። አንድ ቆቅ መጣች። ደገመው።

የገዛ ልጁ መጣች። በእጅና በጉልበቷ። ቀሚሷ ተሰብስቦ፣ ሻሿ አንገቷ ላይ፣ ቅቤ በፊቷ እየወረደ፣ አፏን እስከ መጨረሻ ከፍታ፣ ዓይኗ በቀጥታ ካሜራው ላይ። በሕይወቴ ፊቴ ሙሉ በሙሉ የታየበት ብቸኛ ፎቶ ይህ ነው።

አባዬ ፎቶውን አየ። ግድግዳው ላይ ያለችውን የቆብ ጫፍ ቀና ብሎ አየ። ደግሞ ፎቶውን አየ። "ኢንታላ ኮ" አለ በቀስታ፣ ልጄ ማለቱ ነው። ስልኩን መለሰልኝ። ጓዳ ግቢም፣ ውጪም አላለኝም።

ወደ ኦቦ ደበላ ዞረ። የእህቴን ሽማግሌዎች በዝናብ ያመላለሰው፣ የእኔን አብልጦ ሊያመላልስ የተዘጋጀው አባቴ፣ ዘመድ እንማከርም አላለ፣ አጎቷ ከሙገር ይምጣም አላለ።

"መቼ ነው የምትወስዷት?" አለ።

ተጋባን። ጾሙ ሳይገባ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ባለፈው ሰሞን ለሊሳ ከጎጆ ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ሌላ መጣች!" አለ። "ይቺ ሴት ናት፣ ከነግልገሎቿ ናት፣ ምንም አያጠራጥርም። እንዴት ያለች መሰለሽ! ዓይኗን ብታዪው!" ሆዴ ውስጥ የማውቀው ነገር ጭራውን ሲያነሳ ተሰማኝ። ለሊሳ ግን ተምሯል፤ ስሟን አንቺ አውጪላት አለኝ። ክብር መሆኑ ነው።

ብዙም አላሰብኩ። "ጥሩነሽ" አልኩት።

አፉን ከፍቶ ቀረ። የእናቱ ስም ነው፤ ምን ይበል? ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጥሩነሽ ዓይንም ሆነ ስለ ጥሩነሽ አረማመድ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ስልኩ ላይም አላደረጋት። ብቻ አንድ ነገር ገርሞኛል፤ እሑድ እሑድ ጉደር እየሄደ እናቱን መጠየቅ ጀምሯል።